የአህያዋ ሦስት ጥይት

የመንቀሳቀሻው ትእዛዝ የደረሰን ኮምቦልቻ ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ምሳ በልተን ሳህን ስናጥብ ነው። የመቶ አለቃችን ተፈራ ወረቀቱን አንብቦ አጠፈና ኪሱ ከተተው። «በአንድ ሰዓት ውስጥ መኪና ላይ» አለን። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ ሰይድ፣ «ሳህንህን አጽዳው፤ ነገ የት እንደምንበላ አይታወቅም» አለኝ። ሳቅኩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሆዴ የገባው ፍርሃት ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም።

ይህን የምጽፈው የሃምሳ አለቃ አሊ ልጅ ስለወተወተኝ ነው። አሊ የጓድ መሪያችን ነበር፤ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ልጁ ባገኘኝ ቁጥር፣ «ጋሼ ይመር፣ ያ ኮረብታ ላይ የነበራችሁት እያለቃችሁ ነው፤ የሆነውን ይጻፉልን» ይለኛል። እኔም ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ስንፍና መስሎታል። ምክንያቱን ከዚህ ያገኘዋል።

ዘመኑ የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነበር። ከውትድርና በፊት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ላይ እሠራ ነበር። ስለ ጀግንነት የምነግራችሁ የለኝም። «ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሽጉጡን ያስገዛኝም ፍርሃቴ ነው።

ተራ ወታደር ሽጉጥ አይታጠቅም፤ ክላሽ ይበቃዋል። ከግንባር የተመለሱ ቁስለኞች ግን ክላሹ ጥይት ነክሶ አልተኩስ ስላለው ሰው፣ ጥይት አልቆበት ባዶ እጁን ስለተያዘ ሰው ያወሩ ነበር። እኔ ወሬ ሰምቶ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው አይደለሁም። ወገቤ ላይ አንድ ሁለተኛ ነገር ቢኖር የምተኛ መሰለኝ።

በዚያን ጊዜ የሽጉጥ ሁሉ አለቃ ባለፈረሱ ነበር። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ መኮንኖች የሚታጠቁት፣ ጎኑ ላይ በኋላ እግሩ የቆመ ፈረስ የተቀረጸበት፣ ከባድ የአሜሪካ ሽጉጥ ነው። እሱን ለመግዛት ጥማድ በሬ መሸጥ ያስፈልጋል። ደጋን ከተማ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ያሳየኝ ግን የእሱ አምሳያ ሆኖ ዋጋው የአንድ ፍየል ነበር። የት አገር እንደተሠራ ሾፌሩም አያውቅም። ከሩቅ ላየው ባለፈረሱ ራሱ ነው፤ ክብደቱም፣ ሰባት ጎራሽነቱም፣ የጥይቱ ውፍረትም ያው። ሽጉጡን ከሰባት ፍሬ ጥይት ጋር ገዛሁትና በሸሚዜ ስር ሸሽጌ ወደ ካምፕ ተመለስኩ። ያን ቀን የመኮንን ያህል ደረቴን ነፍቼ ሳልሄድ አልቀርም።

መጀመሪያ ያሳየሁት ለሰይድ ነው። ሰይድ ከውትድርና በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ ቶርኖ ቤት ይሠራ ስለነበር ብረት ያውቃል። ተቀብሎ ፈታታውና ጎኑን ወደ ብርሃን አስጠግቶ ሲያይ ሳቁ አመለጠው።

«አንተዋ፣ ይህ እኮ ፈረስ አይደለም። ጆሮውን ተመልከተው! ወላሂ አህያ ነው።»

እውነቱን ነበር፤ ምስሉን የመታው ሰው ጆሮውን አስረዝሞታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሽጉጤ ስም «አህያዋ» ሆነ። የእኔም ስም የአህያ ባል። ምሽግ ስንቆፍር አንዱ «ይመር ካለልን ምን እንሆናለን» ሲል፣ ሌላው «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብሎ ይመልስለታል። መቶው በሙሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። የመቶ አለቃው ሽጉጡን እንዳየ ሊቀማኝ ይችል ነበር። እሱ ግን ፈገግ ብሎ፣ «ከጠፋብህ አላየሁም፤ ካጠፋህበት አይቻለሁ» ብሎ አለፈኝ።

አንድ እሑድ ከሰይድ ጋር ቦርከና ወንዝ ዳር ወርደን ሞከርናት። ሰይድ የቲማቲም ጣሳ ትልቅ ድንጋይ ላይ አቆመልኝ። አነጣጠርኩና ቃታዋን አንድ ጊዜ ሳብኩ። ሁለት ጊዜ ጮኸች። ሁለተኛውን እኔ አልተኮስኩትም፤ እጄን ወደ ላይ ወርውራ ራሷ ተኮሰችው። ጣሳው ንቅንቅ አላለም። ሰይድ ሳቁን ዋጠ።

ወስዶ ሁለት ቀን ሞረዳት። በሚቀጥለው እሑድ ደግመን ወረድን። አንድ ጊዜ ሳብኩ፤ አሁንም ሁለት ወጣ። ከሰባቱ ሦስት ቀረኝ።

«መዶሻዋን የሚይዘው ጥርስ ብረቱ ልል ነው» አለኝ ሰይድ። «በሞረድኩት ቁጥር ይባስ ይበላል። ዛሬ ሁለት አለች፤ ነገ ያጎረስካትን ሁሉ ትተፋው ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«አንድ ጥይት ብቻ አጉርሳት። አንድ ከበላች ሁለት መትፋት አትችልም።»

«እሺ። ግን ለማንም እንዳትነግር። በአህያነቷ የሳቁብኝ ይበቃኛል።»

«አማና ነው» አለ። ሰይድ አማና ካለ አለቀ።

እንግዲህ ትእዛዙ በደረሰን ቀን በሁለት መኪና ተጭነን የሐረጎን ዳገት ወጣን። መኪናው ባቃሰተ ቁጥር ልቤ አብሮት ያቃስታል። ደሴን አልፈን ወረድንና በእግራችን አንድ ኮረብታ ያዝን። ካርታ ላይ ቁጥር ነበረው፤ ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። አናቱ ላይ አንዲት ብቸኛ ጽድ ነበረች፤ እሷን አልረሳኋትም።

መቶ ቢባልም ሠላሳ አንድ ነበርን። አንደኛ ጓድ፣ አሥር ሰው፣ በሃምሳ አለቃ አሊ መሪነት በግራ በኩል ቆፈረ። ሦስተኛ ጓድም አሥር ሰው ሆኖ በቀኝ በኩል ያዘ፤ ሰይድ እዚያ ነበር። ሁለተኛው ጓድ ከመቶ አለቃው ጋር አሥራ አንድ ሆነን መሃል ላይ ከጽዷ ስር ነን። እኔ እዚህ ነበርኩ። ከአንዱ ምሽግ ወደ ሌላው ሰው ቢጣራ አይሰማም። የመገናኛ ሬዲዮው ባትሪ በሁለተኛው ቀን ሞተ።

የመቶ አለቃው ሁላችንን ጽዷ ስር ሰብስቦ እንዲህ አለ።

«ፊሽካ አንጠቀምም፤ ፊሽካ እነሱም ይነፋሉ። ሦስት የሽጉጥ ጥይት ተከታትሎ ከሰማችሁ ምሽጋችሁን ለቃችሁ በጀርባ ባለው ሸለቆ ወደ ደሴ መንገድ ውረዱ። ሌላ ትእዛዝ አትጠብቁ። ከእኔ በቀር ሽጉጥ የሚተኩስ የለም።» ወደ እኔ ዞረ። «ይመር፣ አህያህን እሰርልን።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። «እሺ ጌታዬ» አልኩ።

ሰይድ ግን አልሳቀም። በሰዎቹ መሃል ትክ ብሎ አየኝ፤ ንገረው የሚል አስተያየት ነበር። አልተናገርኩም። ሌላው ቢቀር ጥይቱን አውጥቼ መጣል ነበረብኝ። ያንንም አላደረግኩም። እንዲያውም የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ መድፍ ሲወርድብን በአንድ ጥይት መተማመን አቃተኝና ሦስቱንም አጎረስኳት።

ሦስት ቀን ተደበደብን። ስለ መድፍ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ከሚፈነዳው ይልቅ በሚፈነዳውና በሚቀጥለው መሃል ባለው ዝምታ ይሞታል። በዚያ ዝምታ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ፤ ከዚያ የምሽግ ጎረቤቴ የሚቀራውን ቁርኣን ሰምቼ እሱንም ደገምኩ። ጠላት በእግሩ ገና አልመጣም ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የደሴ ጉም ኮረብታውን ዋጠው። እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። መድፉ ዝም አለ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ውሃ የመቅዳት ተራዬ ደረሰ። ምንጩ ከኮረብታው ጀርባ ነው። ሁለት እጄን ሁለት ጀሪካን ስለሚይዘው ክላሼን ምሽግ ትቼ አህያዋን ታጥቄ ወረድኩ።

አንዱን ጀሪካን ሞልቼ ሁለተኛውን ስደፍቅ ከበላዬ ጠጠር ተንከባለለ። ቀጥ አልኩ። ሌላ ጠጠር ወረደ። ከዚያ ትንፋሽ ሰማሁ፤ ከባድ፣ ቅርብ። በጀርባችን ገብተዋል አልኩ በልቤ። «ቁም! የይለፍ ቃል!» ለማለት ሞከርኩ፤ ድምፄ የራሴ አልነበረም። መልስ የለም። ጉሙ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ወደ እኔ ተራመደ። ሽጉጤን አወጣሁና ቃታዋን አንድ ጊዜ ሳብኩ።

ሦስቱንም ተፋችው።

ጉሙ ጥቂት ሲገለጥ ፊት ለፊቴ አንዲት ቀይ ላም ቆማለች። አንገቷ ላይ የተበጠሰ ገመድ አለ፤ ባለቤቶቿ ሲሸሹ ጥለዋት ሄደው ይሆናል። አንዱም ጥይት አልነካትም። አየችኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ከጀሪካኔ የፈሰሰውን ውሃ መጠጣት ጀመረች።

ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ተከታትሎ። ያደረግኩት ያን ጊዜ ገባኝ።

ጀሪካኑን ጥዬ ዳገቱን በአራት እግሬ ወጣሁት ብል ይቀላል። ሽጉጧን ሸሚዜ ስር ወሸቅኳት፤ የሞቀው ብረት ሆዴን ሲነካኝ ዛሬም ይሰማኛል። የመቶ አለቃው ጽዷ ስር ቆሟል።

«ማነው የተኮሰው?»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እኔም እንደ ሌላው ግራ ቀኝ አየሁ።

በዚያ ሰሞን ያለ ትእዛዝ ምሽግ ያስለቀቀ ሰው በሰልፍ ፊት መረሸኑን ሰምተን ነበር። እውነት ይሁን ወሬ አላውቅም። ተፈራ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አልነበረም፤ ይህን አሁን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም ሳላውቅ አልቀረሁም። ግን «እኔ ነኝ» አላልኩም። ጠላትን የፈራሁት ፍርሃት ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው።

የመቶ አለቃው አሰበና፣ «ምልክታችንን አውቀውብናል። ሊያስለቅቁን ነው» አለ። ጠላት የተኮሰ መሰለው። «ማንም አይነቃነቅ፤ ፊት ለፊት ብቻ!» ሁላችንም ወደ ፊት አፈጠጥን። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሌላ አለፈ። እኔ ብናገር ኖሮ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሰው ይሮጥ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየሁ በኋላ ነው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጌታዬ፣ አንደኛ ጓድ ሰምቶት እንዳይሆን» ያልኩት። ወዲያው አንድ ሰው ወደ ግራ ላከ።

የተላከው ሰው አልተመለሰም። አንደኛ ጓድ እንደታዘዘው ለቆ ወርዷል። ባዶው ምሽግ ውስጥ ግን ሰው ነበረ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። መትረየስ ከግራ ተከፈተብን። «በጎን ገብተዋል!» አለ አንዱ፤ ወደቀ። ዞረን ተኮስን። የምናየው ጉም ነው፤ የምንተኩሰው ጉሙን ነው። የእጅ ቦምብ ጽዷ ስር ፈነዳ። የመቶ አለቃው ተነሳ፤ እጁ ወደ ወገቡ ሄደ። ምልክቱን፣ እውነተኛውን ምልክት ሊሰጥ ነበር። ሽጉጡን አወጣ። ሳይተኩስ ተመታ። ሽጉጡ ከእጁ አምልጦ ሣሩ ላይ ወደቀ።

ከእኔ አሥር እርምጃ አይሞላም። ሽጉጡን አየዋለሁ። ሦስት ጊዜ ቃታ መሳብ ነው የሚያስፈልገው፤ ሦስተኛ ጓድ ሰምቶ ይወርዳል። የእኔዋን አወጣሁ፤ ባዶ ናት። እንደገና ወደ ሣሩ አየሁ። ጥይቱ አፈሩን ያርሰዋል። አልሄድኩም።

«ውረዱ!» አለ አንድ ሰው። ወረድን። የሮጥኩትን ያህል ሮጬ አላውቅም።

የደሴ መንገድ ዳር ተቆጠርን። አንደኛ ጓድ አሥሩም አሉ። ከሁለተኛ ጓድ ከአሥራ አንዳችን ሰባት ነን። ከሦስተኛው አንድም አልመጣም። ኮረብታው ላይ ተኩሱ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ተሰማ፤ ከዚያ ቆመ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደምሴ የሚባል ወታደር ብቻውን መጣ። ግራ ክንዱ የእሱ አይመስልም ነበር።

ሃምሳ አለቃ አሊ መሬት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «የመቶ አለቃ፣ አንተ ደግ ሰው» ይላል። «በሰዓቱ ባይተኩስልን ኖሮ አልቀን ነበር። እኛን አውርዶ እሱ ቀረ።» አንደኛ ጓድ ሁሉ ይህንኑ አመነ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ባዶዋ ሽጉጥ ሆዴ ላይ ናት።

ከሳምንት በኋላ ደሴ ሆስፒታል ደምሴን ጠየቅኩት። ክንዱ ተቆርጧል። እሱ ነው የነገረኝ።

«ሦስቱን ጥይት እንደሰማን ተነሳን። እኔ ካንድ እግሬ በቀር ከምሽጉ ወጥቼ ነበር። ሰይድ ቀበቶዬን ይዞ ጎተተኝ። ‹ቁጭ በሉ፤ ይቺ የመቶ አለቃው አይደለችም፤ አህያዋ ናት› አለን። ድምጿን ለይቷት ነው። ‹አብሽሩ፤ እውነተኛው ሲመጣ እንሰማዋለን› አለ። ከኋላችን ሲመጡብን እንኳ አንድ ጆሮው ወደ ጽዷ ነበር።» ከዚያ፣ «አህያዋ ነበረች እንዴ?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት።

ደምሴ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ እኔ ብቻ ነኝ።

ኮምቦልቻ ወርጄ የሰይድን እናት፣ እማ ዘሃራን፣ ለቅሶ ደረስኩ። እጄን ይዘው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ልጄ ሲሞት ጀርባውን ሰጥቶ ነበር?»

«አልሰጠም፣ እማ። ከምሽጉ አልተነሳም።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ እኔን መረቁኝ፤ ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጅ ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ አሉኝ። ምርቃቱ ሁሉ ደርሷል። ዕድሜውም፣ ልጁም። ከቤታቸው ወጥቼ ቦርከና ወረድኩና ጣሳውን ያቆምንበት ድንጋይ ላይ ቆሜ ሽጉጧን ወንዙ ውስጥ ጣልኳት። ቀለለኝ ብል ውሸት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ አሊ አገባ፤ የመጀመሪያ ልጁ ወንድ ሆነ። ስሙን ተፈራ አለው። ጎረቤቱ ተገርሞ፣ «አሊ፣ ከነቢ ስም ምን ጎደለና?» ሲለው፣ «ከሞት ያወጣኝን ሰው ስም ነው ያወጣሁለት» አለ። እኔ እዚያው ገንፎ እየበላሁ ነበር። ሕፃኑን አቅፎ አመጣና፣ «ይመር፣ ከእኛ መሃል አብረኸው የነበርከው አንተ ነህ፤ አንተ መርቅልኝ» አለኝ። ተቀብዬ መረቅኩ። ቀና ብዬ ሳላየው ሕፃኑን መለስኩለት፤ የደስታ መስሎት አቀፈኝ።

እንግዲህ ተፈራ አሊ፣ ያ ሕፃን አንተ ነህ። ስምህ የደግ ሰው ስም ነው፤ አትቀይረው። ግን ያን ቀን የመቶ አለቃው አንድም ጥይት አልተኮሰም። አባትህን ከነጓዱ ያወረደው የእኔ ፍርሃት ነው። አሥራ ሦስቱን ያስቀረውም እሱው ነው። አባትህ በሕይወት እያለ ልነግረው አምስት ጊዜ ያህል ቤታችሁ መጥቻለሁ፤ አምስቱንም ጊዜ ምሳ በልቼ ተመለስኩ። አንዳንድ ሰው አሥር ተርፎ አሥራ ሦስት ሞተ ብሎ ያነጻጽር ይሆናል። እኔ ይህን ሒሳብ ሞክሬው አላውቅም፤ መሥራትም አልችልም። የማውቀው አንድ ቃል በሰዓቱ ብናገር ኖሮ ብዙዎቹ ሽማግሌ ሆነው ዛሬ ከእኔ ጋር ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወሩ እንደነበር ነው።

ባለፈው ሳምንት ሚስትህ ወንድ ልጅ መውለዷን ሰማሁ። እንኳን ማርያም ማረቻት፤ እናንተም እንደ ወጋችሁ አድርጉ። ስም ገና ካላወጣችሁ፣ ሰይድ የሚባል ሰው ነበር።